የራስ ትንፋሽ ለራስ አይሸትም

ባለፈው ሳምንት እህቴን ዝናብ ውስጥ አቁሜያት ነው የሄድኩት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔም ያኔ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም ነበር። አሁን ስላወቅሁ ጃንጥላ ይዤላት መጥቻለሁ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። እህቴ ልብስ ጠጋኝ ናት። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የወፈሩ ሴቶችን ቀሚስ በጎን ትለቃለች። የወፈሩት ግን ሁልጊዜ «ልብሱ ታጥቦ ጠቦ ነው» ነው የሚሉት። ልጅ ሳለች ትኩሳት ጆሮዋን ወሰደባትና ከዚያ ወዲህ የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ ከንፈር ታነባለች። ፊታችሁን ካየች ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ በሹክሹክታ ያማችኋትን ሳይቀር ታውቅባችኋለች። መናገርም ትችላለች፣ ግን አትናገርም። ትምህርት ቤት ድምፅዋን ሰምተው የሳቁባት ልጆች ነበሩ። እነሱ ረስተውታል፣ እሷ አልረሳችም። ስለዚህ ከኔ ጋር ብቻ፣ በር ዘግታ፣ በትንሹ ታወራለች። ለደንበኛ ሁሉ ምላሷ እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍልን ያቋረጥኩት ለዚህ ነው እላለሁ። ሒሳብም ትንሽ አግዞኛል።

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ጠባቧን መንገድ ተሻግሮ፣ ትልቁ መድኃኒት ቤት አለ። የባለቤቱ ልጅ እዚያ ይሠራል። ማስኩን ከአፉ ላይ አውርዶ ስለማያውቅ እኔ «ጋሽ መጋረጃ» ነው የምለው። ደንበኛ ሲጠፋ ግን ወደ መስታወቱ ይጠጋል፣ ማስኩን ያወርዳል፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ያለ ድምፅ ለእህቴ ያወራል። እህቴ ከኛ መስኮት ሆና ታነበዋለች። እሷ የምትመልሰው በእጅና በራስ ንቅናቄ ነው። መንገደኛው በመሃላቸው ያልፋል፣ ምንም አይሰማም። ወራት እንዲህ አለፉ። እህቴ ያለ እኔ ያወራችው ሰው በሕይወቷ እሱ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ዝናቡ መጣና መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አስጠለላት። እሱ ወጣ። በመሃላቸው መስታወት የለም። ማስኩን አወረደ፣ በክንድ ርቀት ላይ ቆሞ አንድ ነገር አላት። ፊቷ ጠቆረ። ወደኋላ ሸሸች፣ ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር።

እንቀጥል።

ሱቃችን ገባች። ጠብ ጠብ ትላለች። ልብስ ሳትቀይር የስፌት ማሽኑን ከነጠረጴዛው ገፍታ ከመስኮቱ አራቀችውና ወደ ግድግዳ አዞረችው። ከግድግዳው ጋር ልታወራ ያሰበች ነው የምትመስለው።

አገጯን ይዤ ወደ ከንፈሬ መለስኳት። «ምን ሆንሽ?»

«ባለትዳር ነው።»

«ማን አለ?»

«ራሱ። ‹መጀመሪያ ለአማቴ እነግራቸዋለሁ› አለኝ።»

«ለአማቱ ምኑን ነው የሚነግራቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ልጅዎ ላይ ሌላ ልጨምርባት ነው ይላቸው ይሆናል።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አማት ደግሞ ብቻዋን አትመጣም፣ ከኋላዋ ሚስት ታስከትላለች። «ምናልባት ተሳስተሽ አንብበሽው እንዳይሆን» ብዬ ልላት ከንፈሬን አዘጋጀሁ። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ጆሮ የሌለው ሰው ዓይኑን ከጨፈነ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ዋጠው ማለት ነው። ፊቷ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ክንድ አንርቅም፤ ብጮህም ባለቅስም አትደርስልኝም። ያን ዕለት ብቸኝነት የሚባለውን ነገር አየሁት፤ ፀጉሩ ረጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክር ጣቱ ላይ ሲጠመጥም።

በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ ካሸር መጣች። ጉርድ ቀሚሷን ልታስጠብብ ነው። (ቀጥናለች፣ ስትቀጥን ደግሞ ልብሱ ሰፋ አትልም፣ «እኔ ቀጠንኩ» ነው የምትል።) ከቀሚሱ ጋር የታጠፈች ወረቀት ጣል አደረገችልኝ።

«ለእህትሽ ናት። ከሱ።»

የመድኃኒት ቤት ሰው ጽሑፍ መቼም ታውቁታላችሁ። ዶሮ ቀለም ረግጣ ጥሬ የፈለገችበት ነው የሚመስል። እህቴ አገላብጣ አገላብጣ ለኔ ሰጠችኝ። እኔም በብርሃን አየሁት፣ ዘቅዝቄም አየሁት። አንዷ ቃል «ትንፋሽ» ትመስላለች። ወይ «ትንሽ» ናት። ወይ ደግሞ «ከምግብ በኋላ» ናት። ካሸሯ ታነበው ነበር፣ የኖረችበት ነው፤ ግን ለሷ የፍቅር ደብዳቤ ማስነበብ በድምፅ ማጉያ ማስነገር ነው። እህቴ ወረቀቷን ተቀበለችኝና መርፌ ማስቀመጫው ስር ከተተቻት።

«ያሳዝናል» አለች ካሸሯ፣ ወገቧን ለሜትሬ እየሰጠች። «ነገ ሊሄድ ነው። ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ክፈት ብለው አባቱ ሰደዱት። ደህና ልጅ ነበር እኮ። ብቻ ሰው አይቀርብም። ይሄን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ምሳ አብሮን በልቶ አያውቅም። ዕቃ ክፍል ገብቶ፣ በር ዘግቶ ብቻውን ነው የሚበላ።»

«ሚስቱስ አብራው ትሄዳለች?» አልኳት፣ እንደ ዘበት።

«የቷ ሚስቱ?»

«እሺ አማቱስ?»

«አንቺ ልጅ፣ አሞሻል እንዴ? ማን ሚስት አለው አለሽ? ለሱ እንኳን ሚስት ድመትም የለው።»

ዞር ብዬ እህቴን አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ ፊቷ ከግድግዳው ጋር ነው። «ሚስት የለውም» የሚለው ቃል ከጀርባዋ ተነግሮ ከጀርባዋ አለቀ። ልነግራት ተነሳሁና ተውኩት። መጀመሪያ እኔ ራሴ ከምንጩ ልስማ። አንዴ ከተሰበረች ተስፋ ላይ ሌላ ተስፋ ሰክቼ እሱም ከተሰበረ፣ ጠግኜ የምመልስላት ነገር የለኝም።

መድኃኒት ቤቱ ስደርስ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ይንሾካሾካል።

«ለጓደኛዬ ነው» ይላል። «አፉ... ያው... ሽታ ነገር አለው።»

«ጠዋት ከሆነ አይጨነቅ» አለው ጋሽ መጋረጃ፣ በማስኩ ውስጥ። «ሰው ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፣ አፍ ሲደርቅ ይሸታል። የሁላችንም ነው። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ነው ምክንያት መፈለግ። ብዙ ጊዜ ምላስ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ጠጋ ብሎ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው። ጥርሱን ሲቦርሽ ምላሱንም ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ይጥረገው። ጥርስ መሃል የሚቀረውን ብሩሽ አያገኘውም፣ ክር አለ። ውሃ ይጠጣ። ሲጋራ ያጨሳል?»

«አላጨስ... ማለቴ አያጨስም።»

«ጥሩ። ድዱ የሚደማ ወይ የተቦረቦረ ጥርስ ካለው ግን የጥርስ ሐኪም ጋ ይሂድ። እሱም ደህና ነው ካሉት አፍንጫውን፣ ጉሮሮውን ይታይ።»

«ማስቲካ ነበር የሚያኝክ።»

«ስኳር ከሌለው ምራቅ ያመጣለታል፣ ክፋት የለውም። ከረሜላ ግን ቆሻሻ ላይ ሽቶ መርጨት ነው። ስኳሩ ጭራሽ ያባብሰዋል።»

«እነግረዋለሁ» አለ ሰውዬው፣ ክሩንና ብሩሹን ኪሱ ከተተ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ ወጣ። ጓደኛየውም አብሮት ወጣ ማለት ነው።

ተራዬ ደረሰ። «ጋሽ መጋረጃ፣ አማትህ ደህና ናቸው?»

«ማን?»

«አማትህ። ሁሉን ነገር መጀመሪያ የምትነግራቸው።»

«ሚስት የሌለው ሰው አማት ከየት ያመጣል? ምን እያልሽ ነው አንቺ?»

«ታዲያ በዝናቡ ለእህቴ ምን ብለህ ነው?»

ማስኩ ውስጥ አጉረመረመ።

«አልሰማሁም። ከፍ አድርገው።»

«‹መጀመሪያ ለአባቴ እነግራቸዋለሁ› ነው ያልኳት።»

ለአባቴ። ቃሉን አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ጥግ ላይ የፀሐይ መነጽር የሚለካበት ትንሽ መስታወት ነበር፤ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። አባቴ። አማቴ። ድምፅ ሳላወጣ ደግሜ አልኩት። አባቴ። አማቴ። እናንተም ሞክሩት፣ ሰው ካለ ትንሽ ያፍራችሁ እንጂ ምንም አትሆኑም። ከንፈር ለሁለቱም እኩል ይገጥማል፣ እኩል ይከፈታል። ልዩነቱ ያለው ጆሮ ላይ ነው፣ እህቴ ደግሞ እዚያ ላይ የላትም። «ለአባቴ እነግረዋለሁ» ቢላት እንኳ ወንድ መሆናቸውን ታውቅ ነበር። እሱ ግን አባቱን አንቱ ነው የሚላቸው። አንቱ ደግሞ ወንድም ሴትም አይለይ። መከባበር ነው ጉድ የሠራን።

ስነግረው የመድኃኒት ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ካርቶኑ ጎበጠ።

«ለሱ ነው የሸሸችው?»

«ለምን መሰለህ?»

በጣቱ ማስኩን ነካ አደረገ።

ካሸሯ ቀሚሷን እኛ ሱቅ እየጠበቀች ነበርና ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ሳግዝ፣ አንድ ቀን አባቴ ደንበኛ ፊት ‹ራቅ ብለህ አነጋግር› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ ራቅ ብዬ ነው የምኖረው።»

ከካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«እና አሁንም ይሸታል?»

«አላውቅም። ክፉ ነገሩ እሱ ነው። አፍንጫ የገዛ ቤቱን ሽታ ይለምደዋል። ራሱን አሽትቶ እርግጠኛ የሚሆን ሰው የለም፣ የሚያምነውን ሰው መጠየቅ አለበት። ይሄን ለደንበኛ ሁሉ እነግራለሁ። እኔ ማንን ልጠይቅ?»

«የጥርስ ሐኪም።»

«ያለው አንድ ነው፣ የአባቴ የካርታ ጓደኛ ነው። ለአባቴ ከሚደርስ ለኔም ባይደርስ ይሻላል ብዬ ተውኩት። እሷ ስትሸሽ ጊዜ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ያም ሆኖ ማታውኑ ላገባት እንደምፈልግ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ‹ሱሪ አሳጥር አልኩህ እንጂ ሰፊዋን አምጣ አልኩህ?› አሉኝ። ሂድ ሲሉኝ እሺ ብዬ ወጣሁ። ለማን ብዬ ልከራከር?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የልጅ ዓይን ሆነብኝ። «አንቺ ንገሪኝ። ምላስሽ አያፍርም።» እጁ ወደ ማስኩ ሄደ።

«እኔ አልነግርህም» አልኩት። «ጋሼ፣ ነገ ነው የምትሄደው። ያለችህ የዛሬዋ ከሰዓት ናት። ሂድና እሷን ጠይቃት።»

እንዲህ ብዬው ወጣሁ። መንገዱን ስሻገር ካሸሯ ወደ መድኃኒት ቤቱ ስትመለስ ተላለፍን። ባይመጣስ? እህቴ እድሜ ልኳን ከግድግዳው ጋር ልትቀር ነው።

መጣ።

እህቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትሰፋለች። ገብቶ ቆመ። ማንኛችሁም ብትሆኑ ትጠሯት ነበር፤ እሷን ግን ከኋላ መጥራት አይሆንም። መንካትም ነውር መስሎት ይመስለኛል፣ እጁን ዘርግቶ መለሰው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ በግድግዳውና በማሽኑ መሃል ተሽሎክልኮ ፊቷ መቅረብ። እሷ ራሷ ናት ማሽኑን ያስጠጋችው፣ ክፍተቱ ለድመት ነው። ሆዱን ስቦ፣ ሁለት ጥቅል ጨርቅ አፍርሶ፣ ገባ። እህቴ ቀና ስትል ፊቱ ከፊቷ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ማሽኑ ቆመ።

ማስኩን አወረደ። እጁ ወዲያው አፉን ሸፈነ፣ የለመደ እጅ ነው። ከእጁ ኋላ ሆኖ አንድ ነገር አላት። እህቴ ወደኔ ዞረች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «ምን አለ?» በሚል ዓይን። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ገጠምኩት።

ጠበቀችኝ። ዝም ስላት መልሳ ወደሱ ዞረች፣ እጁን ይዛ ከአፉ ላይ አወረደችው።

«አባቴ» አላት በከንፈሩ። «ያልኩሽ አባቴን ነው።»

ፊቷ ጠቆረ። አማቴ ብላ አነበበችዋ፣ እንደገና። ሰውዬው ግራ ገባው። ወዲያና ወዲህ አየ፣ ከጠረጴዛው ጥቁር ክር ቆርጦ ከአፍንጫው ስር እንደ ጺም ያዘው፣ አንገቱን አቀና፣ ደረቱን ነፋ። አባቱን ቁጭ። በዚያ ላይ መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የባለቤቱ ፎቶ ጋር አንድ ነው።

እህቴ ክሩን አየች፣ እሱን አየች። አባት። ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት፣ ከግንባሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ሳቀች። በድምፅ። ሰው ፊት ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቋ ሰፊ ነው፣ ከደረቷ ነው የሚነሳ፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። መንገደኛው ቆም ብሎ በመስኮት አየን። እሷ አላወቀችም።

እሱ ግን አልሳቀም። ክሩን አስቀመጠ። ትንሽ ተንፍሶ፣ በዝግታ፣ ከንፈሩን ለይቶ ጠየቃት።

«አፌ ይሸታል?»

እባክሽ አይሸትም በዪ አልኩ በሆዴ። አንዲት ውሸት ምን ትጎዳለች? እህቴ ግን ጠጋ አለች። አሸተተችው፣ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታሸተው፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ለኔ ብቻ በምታወራበት አፏ፣ ለሱ፣ በድምፅ፣

«ይሸታል» አለችው።

ሰውዬው ዓይኑን ወለል ላይ ጣለ። ወደኋላ ሊል ነበር፣ ግድግዳው አልለቀቀውም። እህቴ የሸሚዙን ቁልፍ ያዘች።

«የት ትሄዳለህ? ጠየቅኸኝ፣ መለስኩልህ። እዚህ ጋ፣ በግራ፣ ከኋላ የተሰበረ ጥርስ አለህ። ጠቁሯል። ስትስቅ ይታያል።»

«አይተሽው ነበር?»

«ሌላ ምን አያለሁ? ቀኑን ሙሉ አፍህን ነው የማየው።»

«ስንት ጊዜ ነው ያየሽው?»

«ሁልጊዜ» አለች። «እያየሁትም ነው ወደ መስኮቱ የምመጣው። አፍህን አትሸፍንብኝ። አንተ ስትሸፍነው የምደነቁረው እኔ ነኝ።»

ከመቀስ ጋር ቆሜያለሁ። መቀሱን ምን ልቆርጥበት እንዳነሳሁት ዛሬም አላውቅም።

እህቴ ድንገት የገዛ ድምፅዋን ያስታወሰች መሰለች። እጇ ወደ አፏ ወጣ። እንዲያ አድርጋ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ ጠየቀችው። «ድምፄስ? ለኔ አይሰማኝም። የኔን ደግሞ አንተ ንገረኝ።»

በልቤ ‹ተጠንቀቅ› አልኩት። እሱም እንደሷ ጨከነ።

«ይጮኻል» አላት። «ካሸሯ ከመስታወቱ ወዲያ ቀና ብላ አየችን። ወፍራም ነው፣ የቃሉን መጨረሻ ትውጪዋለሽ።» እጇን ከአፏ ላይ አወረደው። «ነገ ይዤው ነው የምሄደው።»

እህቴ አላለቀሰችም። እሱ ነው ያለቀሰ፣ ሰው አይቶኛል ሳይል፣ አፉን ሳይሸፍን።

ከዚያ ስለ አባቱ እምቢታ ነገራት፣ ጺሙን በጣቱ እየሠራ። ስለ ቅርንጫፉ ነገራት። እዚያ ከተማ አባቱን የማያውቅ የጥርስ ሐኪም እንደማይጠፋ ነገራት። አባቱን ተከራክሮ እንደሚመለስ ነገራት፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገራትም፣ እሱም አያውቀውማ።

«ታክመህ ና» አለችው።

«ሳልታከምስ?»

«ያው ና።»

የቀረውን አልሰማሁትም። ድምፅ ስላነሳቸው አይደለም። እህቴ አንድ ጊዜ እንኳ «ምን አለ?» ብላ ወደኔ አልዞረችም። መቀሱን ቀስ አድርጌ አስቀምጬ ወጣሁ፣ በሩን ከኋላዬ ገርበብ አደረግሁ።

ደጃፉ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ይሄዳል። ትልቅ ካፖርት የታቀፈች ሴትዮ መጣችና «የኔ ልጅ፣ ሰፊዋ አለች?» አለችኝ።

«አለች» አልኳት። «ግን እያወራች ነው።»

ይቺን ነገር በሕይወቴ ተናግሬያት አላውቅም። ሴትዮዋ ካፖርቷን ታቅፋ አጠገቤ ቆመች፣ የሆነ ነገር እንድላት እየጠበቀች። እኔ ምላሳሟ፣ ከዚያ በኋላ የምናገረው አንድም ቃል አልመጣልኝም።